ጥለቱ ወደ ራስጌ

እትዬ አስካለ የበደለችኝ የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ የመጨረሻ ልጄ የምሕረት ክርስትና ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን እንዴት አስታወስሽው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ተበድሎ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ አስካለ የባሌ ታላቅ እኅት ናት፤ የምትኖረው ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ከተማ፣ ጀውሃ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ ስለሌለ "እሷ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጄ መታቀፊያ የሚሆን ትንሽ ልብስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጄ ሰፍቼ ነበር። እርጉዝ ሳለሁ ጀምሬ፣ አራስ ቤት ጨረስኩት። እንግዳው ዳሱ ሥር ሞልቶ፣ ቄሱ ጠላውን ባርከው ሳይጨርሱ፣ እትዬ አስካለ ልብሱን በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገችና "ይህ ድሪቶ ደግሞ የማን ነው? አህያዬን በረዳት እንዴ?" አለች።

ሸዋ ሮቢትን ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር አህያ አይበርዳትም። ሰውም አይበርደውም። በበጋ አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ አጎበር ሰቅለን ነው የምንተኛው። ብርድ የሚባለውን ነገር ከደብረ ብርሃን የሚወርድ ሰው በወሬ ያመጣልናል እንጂ በአካል አንተዋወቅም። ስለዚህ ቀልዷ ለሁሉም ገባው። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ቄሱ እንኳን አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ልብሱን ተቀብዬ አጠፍኩትና ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት መርፌ ይዤ አላውቅም።

መስፋት ግን አልተውኩም። በሬን ዘግቼ ሰፋሁ። በሮቢት ሙቀት በር ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። በስፌት መኪና እንዳልሰፋ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል፤ መርፌ ግን ወሬ አያወጣም። ጎረቤቶቼ ከቀትር በኋላ በሬ ሲዘጋ እያዩ "ትጸልያለች" አሉ። እኔም አላስተባበልኩም። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ስቀመጥ ስሜ እየገነነ ሄዶ፣ ማኅበርተኞቼ የታመመ ሲኖራቸው በጸሎት አስቢልን እያሉ ይልኩብኝ ጀመር። እኔም ስማቸውን እየጠራሁ አንድ አንድ ስፌት እጨምርላቸው ነበር። የዳኑም አሉ።

ምሥጢሩን የምታውቀው ፋጡማ ብቻ ናት። ፋጡማ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከመቀስ የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል ቋጥራ "እትዬ፣ የጸሎትዎን ዕቃ አመጣሁ" እያለች ታቀብለኛለች። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዘጠኙን ቁራጭ እያጋጠምኩ ስንዝር ተኩል የሚሆን ካሬ እሠራበታለሁ። የጨረስኩትን የማሾ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ሙሉ ዓመት አንድ ካሬ ብቻ የሠራሁበት ጊዜ አለ፤ አራት የሠራሁበትም አለ። አጣዬ ካለው የፋጡማ እኅት ሱቅ ከእሳት የተረፈ፣ ጠርዙ የተለበለበ ሰማያዊ ሳቲን እንኳን አለበት። በሃያ ሦስት ዓመት አርባ ሁለት ካሬ ሞላ። ምን ላደርጋቸው እንደሆነ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ያሳሰበኝ ምሕረት ናት። ያቺ በድሪቶ ታቅፋ ክርስትና የተነሳች ልጅ አደገችና ለደብረ ብርሃን ልጅ ታጨች። ልጁ ጨዋ ነው፤ አገሩ ግን ጨዋ አይደለም። አንድ ጊዜ አማቶቿን ልተዋወቅ ሄጄ፣ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ውኃ ብነካ እጄን ነከሰኝ። ልጄ እዚያ ልትኖር ነው።

"እማዬ፣ ብርድ ልብስ እኮ ሱቅ ይሸጣል" አለችኝ።

"የሱቁንም ትገዢያለሽ" አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። በልቤ ግን ቆርጫለሁ፤ አርባ ሁለቱ ካሬ ይገጣጠምና ለዳግም ትንሣኤ ሠርጓ ይደርሳል። ልብሱ አምሮ ከተሠራ ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ትገባለች። ካላማረ ደግሞ አማቶቿ ፊት ዳግመኛ ድሪቶ ይባላል፤ ዳስ ሙሉ ሰው ዳግመኛ ይስቃል፤ ያን ጊዜ የሚሳቅባት ግን እኔ ሳልሆን እሷ ናት።

ሠርጉ ዐሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው ጆንያውን ፈትቼ ካሬዎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው።

ለካስ ሰው አንድ አንዱን ሲሠራ ሁሉን አንድ ላይ አያየውም። ደንግጬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ወለል ላይ ተኝቶ ያየኛል። ደስ ይላል ወይስ ያስፈራል ለማለት እንኳን ጊዜ አላገኘሁም፤ ባሌ ከውጭ ገባና በጫማው መሐላቸውን አቋርጦ ውኃ ጠጥቶ ወጣ። አንዱ ካሬ ከጫማው ሥር ተጣብቆ ባጃጅ ተራ ድረስ ሄዶ፣ አንድ የማውቀው ባለ ባጃጅ "እማማ፣ የርስዎ መሐረብ ነው?" ብሎ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ በሬን ቆልፌ አሰላለፉን ማሰብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው፤ ዐይኔ ዞረ። ካሬዎቹን በማዕዘናቸው አቆምኳቸው፤ እንዲያውም ያምራል፤ ነገር ግን ዳር ዳሩን ለመሙላት ግማሽ ካሬ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ካሬ ለማግኘት ደግሞ ሙሉውን መቁረጥ ነው። ዓመት የፈጀ ሥራ ላይ መቀስ አስጠግቼ ተውኩት። የነጣውን ከላይ፣ የጠቆረውን ከታች በኩል አደረግሁ፤ ምክንያቱም እግር ያቆሽሻል። ይሄኛው ተስማማኝ። ስድስት ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች። ዐይኔ ግን አሁንም ይዞራል። ፋጡማን ጠራኋት።

ፋጡማ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ እየዞረች ካሬዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ማሻአላህ" አለች በመጨረሻ። "እትዬ፣ ይህን ሁሉ እኔ ነኝ በፌስታል ያመጣሁት?"

"አንቺ ነሽ። ግን አየሽ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል።"

"አልጎደለውም፤ በዝቶበታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። መሐላቸው ዝም የሚል ነገር ይግባ።"

እውነቷን ነው። በየረድፉ መሐል የሚገባ መለያ ጨርቅ ያስፈልጋል። ምን ይሁን በሚለው ግን ሦስት ቀን ተከራከርን። ፋጡማ ከሱቋ በየቀለሙ እየቀደደች አምጥታ ታስቀምጣለች፤ እኔ እጥላለሁ። ጥቁር ለሙሽራ አይሆንም። አረንጓዴው የጭነት መኪና ሸራ መሰለ። ቢጫው ጀሪካን፣ ቀዩ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ፣ ሰማያዊው የተማሪ ዩኒፎርም።

"በቃ ነጭ አቡጀዲ ይሁን" አልኳት ሰልችቶኝ።

"እትዬ፣ አቡጀዲ እኮ ከፈን ነው። የኛን ሟች የምንጠቀልልበት።"

"የኛም መግነዝ ነው።"

ሁለታችንም አቡጀዲውን ከወለሉ ላይ በእግራችን ገፋ አደረግነው።

መፍትሔው የመጣው ስጎነበስ ነው። አንዱን ካሬ ላቃና ጎንበስ ስል ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ፣ ጥለቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ መሐል ተጋደመ። ልናነሳው እጃችንን ሰደድን፤ ሁለታችንም ሳንነካው ቀረን። እነዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ሲንጫጩ የነበሩ ቁርጥራጮች ጸጥ አሉ። እያንዳንዱ ቀለም ቦታውን ያዘ። ከላይ ያለው ከላይ ሆነ፣ ከታች ያለውም ከታች። የተለበለበው ሳቲን እንኳን ሆን ተብሎ የተለበለበ መሰለ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ፋጡማ ክንዷን አሳየችኝ፤ የእሷም ጸጉር ቆሟል።

ጥለት ነው የሚሆነው። ሰባት ረድፍ መሐሉ ስድስት ነው። ስድስት አሮጌ ነጠላ ነበረኝ፤ አንዱ ነጠላ ሁለት ጫፍ ጥለት አለው፤ ሁለቱ ጫፎች ሲቀጠሉ አንድ ረድፍ ይሞላሉ። እግዚአብሔር ነጠላዎቼን ቆጥሮ የሰጠኝ መሰለኝ።

የቀረው ጠርዙ ነው። ለጠርዙ ደግሞ ሰባተኛ ነጠላ ነበረኝ፤ የሠርጌ ነጠላ። ጥለቱ ሰፊ ነው፤ ወርቃማና ወይን ጠጅ። የዚያን ነጠላ ፈትል የፈተለችው እትዬ አስካለ ናት። ሳገባ፣ ገና ክፉ ቃል ሳንነጋገር፣ አንድ ክረምት ሙሉ ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታ አምጥታልኛለች። መቀሱን ሳስገባ ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ እውነቱን እናገራለሁ፤ ደስ አለኝ። የመቀሱን ድምፅ ወደድኩት። ሁለቱን ጫፍ ቀጥዬ፣ የተረፈውን አንድ ስንዝር ቆርጬ አስቀመጥኩና፣ ያን የመሰለ ጥለት የት ይደረግ ብዬ ማሰብ እንኳን አላስፈለገኝም። የሚያምር ነገር የሚደረገው በሚታይበት ቦታ ነው። ራስጌ ላይ ሰፋሁት። ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁት።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ልብሱ አለቀ። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አለ፤ ከብዷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጭ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥላ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ልጄ ሥሩ ስትተኛ ምን እንደሚሰማት ማወቅ አለብኝ። አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብኩ፤ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ፤ ዐይኔን ጨፈንኩ። ላቤ እየወረደ "ደብረ ብርሃን ነኝ" እያልኩ አሰብኩ።

በዚህ መሐል ባሌ በስልክ እየተነጋገረ ገባ። ከእኅቱ ጋር ስለ ድንኳኑ ነው የሚያወራው፤ ባሌ በስልክ ሲያወራ ድምፁ ያለ ስልክም ጀውሃ ይደርሳል። በሩን ከፍቶ አየኝ። ንግግሩን አቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ስሜን ጠራና "ማን ሞተ?" አለ።

ስልኩ ተቋረጠ።

"ማንም አልሞተም" አልኩት። "እየለካሁ ነው።"

"እንዲያው ደነገጥኩ" አለ። ምን እንዳስደነገጠው እኔ አልገባኝም፤ እሱም አልገባውም። መልሶ ቢደውል ኔትወርክ የለም። ድንኳን የሚያከራየው ሰው ጋ ሊሄድ ወጣ። እኔም ወገቤን ስላመመኝ እዚያው ትንሽ ልረፍ ብዬ ቀረሁ፤ ሙቀቱም ጣለኝ መሰለኝ።

የነቃሁት በለቅሶ ነው። ባጃጅ በር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ አንዲት ሴት ወደቀች። ድምፁን ወዲያው ለየሁት። እትዬ አስካለ ናት። የምታለቅሰው እኔን ነው።

መነሳት ነበረብኝ። ማንኛዋም ጨዋ ሴት ትነሳ ነበር። እግሬን ከአልጋው ላወርድ ስል ግን እንዲህ አለች፦

"መርፌዋን ክሯን ማን ይቀበላት፣
የኔ ክፉ አፍ ነው ቤት ያስቀራት።"

እግሬን መልሼ አስገባሁት።

"ድሪቶ ያልኩሽ ቀንቼ ነው" አለች እያለቀሰች። "ያን ስፌት አይቼ ዐይኔ ቀላ። እኔ መፍተል እንጂ መርፌ መች አውቃለሁ። ያን የመሰለ እጅ በዘራችን ሲገባ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ መጥቼ በርሽ ተዘግቶ፣ ጸሎት ላይ ናት ሲሉኝ ተመለስኩ።"

ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ችግሩ የተነገረው ለሟች ነው፤ ከተነሳሁ ይቋረጣል። ትንሽ ቆየሁ።

ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ፋጡማ "ኢና ሊላሂ" እያለች ሮጣ ገባችና አልጋው አጠገብ ስትደርስ ዐይኔን ከፍቼ አየኋት። ግድግዳው ያዛት።

"እትዬ፣ አልሞቱም?"

"ዝም በይ፤ ገና አልጨረሰችም።"

"ሰው እኮ እያለቀሰ ነው።"

"እየሰማሁ አይደል?"

ፋጡማ ግን ፈሪሃ አላህ ያላት ሴት ናት፤ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። ልብሱን ከላዬ ማውረድ ረስቼ እንደ ካባ ደርቤው በር ላይ ወጣሁ። አንዲት ማኅበርተኛዬ በጸሎቴ እንደተነሳሁ እስከ ዛሬ ታምናለች። እትዬ አስካለ ከመሬት ሳትነሳ ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ትኩር ብላ ቆየች።

"አንቺው ነሽ?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"አልሞትሽም።"

"አልሞትኩም።"

"ከየት ጀምሮ ሰማሽ?"

"ከመርፌው ጀምሮ።"

ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "እንግዲህ ከአፌ ወጥቷል፤ ልመልሰው አልችልም" አለች።

"አይመልሱት" አልኳት።

ተደግፋ ተነሳችና ልብሱን አንገቴ ሥር በሁለት ጣቷ ያዘችው። በእነዚያው ሁለት ጣቶች። ጥለቱን አሸት አሸት አደረገች።

"ይህ የኔ ፈትል ነው።"

"ነው።"

"ቆረጥሽው።"

"ቆረጥኩት።"

አንገቷን ነቀነቀች። "ደግ አደረግሽ። ሣጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነበር።" ከዚያ እጇ ቆመ። ከአንገቴ እስከ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ እስከ ሌላው ትከሻዬ ጥለቱን ተከትላ ዳሰሰች። "ግን አንቺ ሴት፣ ጥለቱን ራስጌ የሰፋሽው ልጅቱን ገና ሳትሞት ልታለቅሺባት ነው?"

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እኔን አየ፤ ከዚያ የየራሱን ነጠላ አየ። እትዬ አስካለ የእኔን ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋለች። እኔም አንገቴ ላይ አድርጌአለሁ። በደስታ ጥለት ወደ ታች፣ በሐዘን ወደ ላይ፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ስድሳ ሁለት ዓመት ነጠላ ለብሼ፣ ሙሽራ ልጄን ሐዘንተኛ አድርጌ ልልካት ነበር። ባሌን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ ይገልበጣ" አለች ፋጡማ።

"ከተገለበጠ የጠቆረው ፊቷ ላይ ይመጣል" አልኩ። "የነጣው በእግሯ ይረገጣል።"

"መፈታት ነው ያለበት" አለች እትዬ አስካለ።

የሠላሳ ምናምን ዓመት ፈትል ነው፤ ስፌቴ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በቂም የተሰፋ ስለሆነ ምላጭ አያስገባም። ቢበጠስ የሚተካ ጥለት የለኝም፤ ሠርጉ አምስት ቀን ቀርቶታል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ግን አንድ የግራር እሾህ አምጡልኝ አለች፤ ኒሙ ሥር ተቀመጠች፤ ልብሱን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን እንደ ሠራችው አድርጌ መጻፍ አልችልም። ሥራውን አላየችውም። ዐይኗ ወደ ማዶ፣ ወደ ሰው ማሾ ማሳ ነበር የሚያየው። ጣቶቿ ግን እያንዳንዱን ስፌት ያገኙታል፤ በእሾኋ ጫፍ ብቅ ታደርገዋለች፤ በአውራ ጣቷ ጥፍርና በጠቋሚ ጣቷ መሐል ይዛ ትስበዋለች፤ ክሩ ከቂጣ ሊጥ እንደሚመዘዝ ፀጉር ይወጣል። የራሷን ፈትል ከእኔ ክር በመንካት ብቻ ትለያለች። አንድ ጊዜ "እዚህ ጋ ስትሰፊ ተናደሽ ነበር" አለችኝ፤ እውነት ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ጣቷ የተለበለበው ሳቲን ላይ ቆመ። "ይህ የተቃጠለ ነው" አለች። ፋጡማ "ከአጣዬ ነው፣ የእኅቴ" አለቻት። እጇን እዚያው ላይ ትንሽ አቆየችና ቀጠለች። አልቃሽ ሆኖ የመጣው ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያታል፤ ውኃ የጠየቀ እንኳን የለም። ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ሲላቀቅ አንዲት ፈትል አልተበጠሰችም።

እኔ እጅ አለኝ ብዬ ነበር። በሬን ዘግቼ ሃያ ሦስት ዓመት የራሴን እጅ ሳደንቅ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ጀውሃ መኖሩን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ሬሳዬን ጠይቃለች። እኔም አላመሰገንኳትም። ማታውኑ በባጃጅ ተመለሰች፤ ስትሄድ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ነው።

ጥለቱን ግርጌ ሰፋሁት። ምሕረት ይዛው ሄደች። ደብረ ብርሃን በገባች በሳምንቱ ደውላ፣ አማቷ ልብሱን እንግዳ ሲመጣ እያወጡ እንደሚያሳዩት ነገረችኝ። ይሞቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይሞቃል አለችኝ።

ከሠርጉ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን በሬን ከፍቼ ተቀመጥኩና፣ ከተረፈው ቁርጥራጭ ለእትዬ አስካለ አህያ ልብስ ሰፋሁ። የማውቀውን ስፌት ሁሉ አወጣሁበት። ያስቀመጥኳትን አንድ ስንዝር ጥለት በስተታች በኩል ሰፋሁና ጀውሃ ላክሁላት።